የኦክ ዛፍ የቁራ መልእክተኛ

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ብሉ ጄይ ነው።

ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ የሚኖር ሰው ይህን ወፍ አይቼው አላውቅም ቢል ማመን ይቸግራል። ስሙን አላውቅም ቢል ግን ይታመናል። ጀርባው ሰማያዊ፣ ሆዱ ነጣ ያለ ግራጫ ነው፤ አናቱ ላይ የምትነሣና የምትተኛ ጉትያ አለችው፤ አንገቱ ዙሪያ ደግሞ ማተብ ያሰረ የሚያስመስለው ጥቁር መስመር አለ። ርዝመቱ ከ22 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ70 እስከ 100 ግራም ነው፤ ያን ሁሉ ጩኸት የሚያሰማው ፍጡር ከአንድ የዶሮ እንቁላል ብዙም አይከብድም ማለት ነው። ወንዱንና ሴቷን በመልክ መለየት አይቻልም። «ጄይ! ጄይ!» ሲል የራሱን ስም የሚጠራ ይመስላል።

ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ በ1758 መዘገበው፤ ኋላ የጸናው ሳይንሳዊ ስሙ ሲያኖሲታ ክሪስታታ ነው። (በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ቶሮንቶ የምትኖሩ ደግሞ በ1977 መጫወት ከጀመረው የቤዝቦል ቡድን ዓርማ ላይ ታውቁታላችሁ። አገሩ ከሮኪ ተራሮች በስተ ምሥራቅ፣ ከደቡባዊ ካናዳ እስከ ፍሎሪዳና ቴክሳስ ያለው ምድር ነው። ስለዚህ ሲያትል ያለ ዘመዳችሁ «እኛም ሰፈር አለ» ቢላችሁ፣ ያየው ራሱና ደረቱ ጥቁር የሆነውን ስቴለርስ ጄይን ሊሆን ይችላል። ሎስ አንጀለስ ያለው ደግሞ የሚያየው ጉትያ የሌለውን ስክረብ ጄይን ነው። ሦስቱም ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም።

ወገኑ ቁራ ነው። ይህን ሲሰሙ ብዙ ሰዎች ይገረማሉ፤ ቁራ ጥቁር መሆን አለበት ብለን ስለምናስብ ነው። የደጋችን ባለ ወፍራም ምንቃር ቁራ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ የብሉ ጄይ ዘመድ ነው። በዓለም ላይ ያቤሎና ሜጋ አካባቢ ብቻ የሚኖረው ግራጫው የቁጥቋጦ ቁራም እንዲሁ። ብልህነታቸው፣ ምግብ መደበቃቸው፣ በቤተሰብ መኗኗራቸው፣ ጠላት ሲመጣ ተጠራርተው መክበባቸው ከአንድ ቤት የወጣ ጠባይ ነው።

ቁራን ካነሣን አንድ አባባላችንን እናንሣ። ኖኅ ከመርከብ የላከው ቁራ ሄዶ ስለቀረ፣ ተልኮ የማይመለስ ሰው «የቁራ መልእክተኛ» ይባላል። ስድብ ነው። ብሉ ጄይን ለመረዳት ግን ከዚህ ስድብ የተሻለ መግቢያ የለም። ኦክ የሚባለው ዛፍ ፍሬውን የሚያስይዘው ለቁራ መልእክተኛ ነው፤ መልእክተኛው እንዲመለስም አይፈልግም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኦክ ፍሬ፣ ኤኮርን የሚባለው፣ ቡናማ፣ ድፍን፣ አናቱ ላይ ቆብ የደፋ ፍሬ ነው። በመስከረምና በጥቅምት የእግረኛ መንገድ ላይ ጫማ ስር ቀጭ የሚለው እሱ ነው። ክንፍ የለውም፣ ንፋስ አይወስደውም፤ ከባድ ስለሆነ የሚወድቀው እናቱ ጥላ ስር ነው። ጥላ ስር ያለ የኦክ ችግኝ ደግሞ ብርሃን አጥቶ ይቀጭጫል። ሽኮኮ (ስኩዊረል) ይወስደዋል እንዳትሉ፣ ሽኮኮ ከዛፉ ብዙም አይርቅም። አሜሪካዊው ግራጫ ሽኮኮ ደግሞ ሌላ ክፋት አለው። ነጭ ኦክ የሚባለው ወገን ፍሬ መሬት እንደነካ በዚያው በልግ ስር ያወጣል፤ ሽኮኮው ይህን ስለሚያውቅ ከመቅበሩ በፊት የፍሬውን ጫፍ ነክሶ ፅንሱን ይገድለዋል። እንግዲህ የተቀበረ ሁሉ የተተከለ አይደለም።

ጄይ ፅንሱን አይነካም። አወሳሰዱን ቀረብ ብላችሁ ብታዩት እንዲህ ይሆናል፦ ቅርንጫፍ ላይ ያርፍና ፍሬውን ከነቆቡ ወይም ከቆቡ አላቅቆ ይነቅላል። ምንቃሩ ውስጥ ያገላብጠዋል። ቀለል ካለው ይጥለዋል፤ ነቀዝ የገባበት ፍሬ ውስጡ ስለተበላ ይቀላልና። ደህና ከሆነ አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ ጉሮሮው ያወርደዋል። ዋጠው ማለት ግን አይደለም፤ ጉሮሮው እንደ ከረጢት ይለጠጣል። ሁለተኛውን ይጨምራል፣ ፍሬው ትንሽ ከሆነ ሦስተኛውንም፤ አንዱን አፉ ውስጥ፣ የመጨረሻውን ምንቃሩ ጫፍ ላይ ይይዛል። አንገቱ አብጦ ጉንፋን የያዘው ሰው መስሎ ይበርራል። አንድ ጭነት ከ1 እስከ 5 ፍሬ ነው።

ይህ በዓይን ግምት ብቻ የቀረ ነገር አይደለም፤ ተቆጥሯል። በ1981 ሱዛን ዳርሊ-ሂልና ካርተር ጆንሰን ያሳተሙት ጥናት የተካሄደው ብላክስበርግ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ ከአሌክሳንድሪያ አራት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ። ፒን ኦክ የሚባለውን፣ ፍሬው ጣት ጫፍ የማይሞላውን ዛፍ ነበር የመረጡት። ጄዮቹ በአንድ የፍሬ ወቅት ከነዚያ ዛፎች 133,000 ኤኮርን አጓጉዘው ቀበሩ፤ ይህ ዛፎቹ ካፈሩት 54 ከመቶ ነው። 49,000 የሚሆነውን፣ ማለትም 20 ከመቶውን፣ እዚያው በሉት። ዛፉ ስር ከቀረው ውስጥ አብዛኛው ነቀዝ የገባበት ነበር። የአንድ ጉዞ ጭነት በአማካይ 2.2 ፍሬ ስለነበር፣ ሂሳቡን ስትሠሩት ወደ 60,000 የሚጠጋ ምልልስ ይወጣዋል። የመቅበሪያው ርቀት ደግሞ በአማካይ 1.1 ኪሎ ሜትር፣ ከ100 ሜትር እስከ 1.9 ኪሎ ሜትር ነበር። ዊስኮንሲን ውስጥ ቢች የሚባለውን ዛፍ ፍሬ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ወስደው ሲቀብሩ ታይተዋል።

አቀባበሩም የገበሬ ሥራ ነው። ጄዩ የሚያርፈው ሣር ያለበት፣ አፈሩ የላላ፣ ገላጣ ወይም የጫካ ዳር ቦታ ላይ ነው። የያዘውን ሁሉ መሬት ላይ ይተፋና አንድ አንዱን እያነሣ፣ በምንቃሩ አፈር ውስጥ እየወጋ፣ ለየብቻ ይቀብራል። ከዚያ ቅጠል ወይም ጠጠር አምጥቶ ያለብሰዋል። ይህ ሌባ እንዳያየው ነው፤ የብላክስበርጉ ጥናት እንዳሳየው ግን ልባሱ ፍሬው እንዳይደርቅ ስለሚጠብቀው አበቃቀሉንም ያሻሽላል። አንድ ኤኮርን ለአንድ ጉድጓድ፣ ከላይ ልባስ፣ ከጥላ ውጪ፤ ችግኝ ጣቢያ ያለ ባለሙያ ከዚህ የተለየ ምን ይመክራል?

ክረምቱን ሙሉ እየተመለሰ ቆፍሮ ይበላል፤ የቀበረበትንም በደንብ ያስታውሳል። ግን ሁሉንም አይበላውም። አንዳንዱ ይተርፈዋል፣ አንዳንዱን ይረሳዋል፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ባለቤቱን ጭልፊት ይበላውና ጎተራው ወራሽ ያጣል። ያ ያልተመለሰበት ፍሬ ነው ዛፍ የሚሆነው።

ይህ ነገር የአንድ ሰፈር ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ጥንታዊ ማስረጃ አለ። የበረዶ ዘመን ሲያበቃ ኦክ ከደቡብ ወደ ሰሜን ተጓዘ፤ በሐይቆች ደለል ውስጥ የተቀበረው የአበባ ዱቄት ሲጠና የኦክ ፍጥነት በዓመት 350 ሜትር ገደማ ሆኖ ተገኘ። ንፋስ ለማያነሣው፣ ለፍሬም ብዙ ዓመት ለሚያስጠብቅ ዛፍ ይህ ሩጫ ነው። በሽኮኮ እግር የሚሆን አይደለም። ጆንሰንና ቶምፕሰን ዌብ በ1989 እንዳመለከቱት፣ ይህን ጉዞ ለማስረዳት ጄይን የመሰለ በክንፍ የሚሸከም አጓጓዥ ያስፈልጋል። ዛሬ የምናያቸው የምሥራቅ አሜሪካ ደኖች በከፊል የሱ እርሻ ናቸው ማለት ነው።

አንድ ማስተካከያ ግን እዚህ ያስፈልጋል፤ ጄይ ሁሉንም የኦክ ዘር እኩል አይወድም። አፉ የሚችለው መጠን አለው። የፒን ኦክና የዊሎ ኦክ ትናንሽ ፍሬዎች ተመራጮቹ ናቸው፤ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ደግሞ መንገዶቿ በነዚህ ዛፎች የተሞሉ ናቸው። የትልልቅ ፍሬ ባለቤቶች የሆኑት ኦኮች የበለጠ የሽኮኮ ጥገኞች ናቸው።

አበላሉም ቢሆን መታየት ያለበት ነው። ፍሬውን በሁለት እግሮቹ መሀል ቅርንጫፍ ላይ አጥብቆ ይይዝና ምንቃሩን ከፈት አድርጎ በታችኛው መንጋጋ ይቀጠቅጠዋል፤ እንደ መሮ። የአሜሪካ ጄዮች የመንጋጋ መገጣጠሚያ ይህን ምት የሚሸከም ልዩ ድጋፍ አለው፤ ሌሎቹ ቁራዎች ይህ የላቸውም። ጠዋት ጠዋት የቤታችሁን ጣሪያ ወይም የበረንዳ እንጨት የሚመታ ነገር ከሰማችሁ ግንደ ቆርቁር ነው ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት ወጣ ብላችሁ እዩ።

ኤኮርን በልቶ ብቻ ግን አይኖርም፤ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ስሕተት ይሠራል። ኤኮርን ታኒን አለበት፤ ቆዳ የሚለፋበት፣ ሻይ ሲጠቁር አፍን የሚያጨማድደው ያ ንጥረ ነገር። ታኒን ከፕሮቲን ጋር ይጣበቅና ሰውነት እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። በ1993 በታተመ ሙከራ፣ ኤኮርን ብቻ የተሰጣቸው ጄዮች ቶሎ ከሱ። የኤኮርን ነቀዝ እጭ ሲጨመርላቸው ግን ክብደታቸውን ያዙ። እንግዲህ ነገሩ የተጠላለፈ ነው፦ ጄይ ለመቅበር ነቀዝ የሌለበትን ይመርጣል፣ ለመኖር ግን ነቀዙም ያስፈልገዋል። ሽሮ ብቻውን በቂ የማይሆነውን ያህል ነው፤ ከጎኑ የሚበላ ነገር ይፈልጋል።

አሁን ወደ ክሱ እንምጣ። ብሉ ጄይ መጥፎ ስም ያለው ወፍ ነው። የሌላ ወፍ እንቁላል ይሰርቃል፣ ጫጩት ይበላል፣ መመገቢያው ላይ ትናንሾቹን ያባርራል ይባላል። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ሲሠራው ታይቷል። ምን ያህል የሚለው ነው ጥያቄው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ባለሙያ የነበረው ፎስተር ቢል በ1897 ያወጣው ጥናት የ292 ጄዮችን ሆድ ዕቃ የመረመረ ነው። የእንቁላል ቅርፊት የተገኘው በ3፣ የጫጩት ቅሪት የተገኘው በ2 ውስጥ ብቻ ነበር። ከምግባቸው ሦስት አራተኛው የዕፅዋት ፍሬና ዘር፣ ቀሪው በአብዛኛው ጢንዚዛ፣ ፌንጣና አባጨጓሬ ነበር። ጥፋቱ አለ፤ ከስሙ ግን ያንሳል። ጉልበተኝነቱም የተጋነነ ነው፤ ፍሎሪዳ ውስጥ በተደረገ ክትትል ቀይ ራስ ግንደ ቆርቁርና ግራጫው ሽኮኮ ጄይን ከመመገቢያ ሲያባርሩት ነው የታየው።

ጩኸቱ ለሌሎች ወፎች ዘብ ነው። ጉጉት ቀን ላይ ዛፍ ውስጥ ተደብቆ ሲያገኝ ተጠራርቶ ያዋክበዋል፤ ጭልፊት ሲመጣ መጀመሪያ የሚጮኸው እሱ ነው። ግን የማይታመን ዘብ ነው፤ ራሱ ጭልፊቱን ሆኖ ይጮኻልና። ትከሻው ቀይ የሆነውን ጭልፊት ድምፅ እንዲህ አድርጎ ያስመስላል፤ የለመዱ የወፍ ተመልካቾች እንኳ ሰማይ ሰማይ ያያሉ። ለምን እንደሚያደርገው አንድ መልስ የለም። አንዳንዶቹ ጓደኞቹን ሊያስጠነቅቅ ነው ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ሌሎቹን አስፈራርቶ ገበታውን ለብቻው ሊያደርግ ነው ባዮች ናቸው። ለሁለተኛው የሚያደላ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ ጠባዩን ላየ ያስኬዳል። ከዚህ ሌላ የዛገ የውኃ ፓምፕ እጀታ የሚመስል ድምፅ አለው፤ ሴቷ ደግሞ ደረቅ «ቅርርርር» የምትለው አላት፤ ብቻውን ሲሆን በሹክሹክታ የሚያንጎራጉረውን ግን የሚሰማው ታግሦ የተቀመጠ ብቻ ነው።

ስሜቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ ጉትያውን እዩ። ከቤተሰቡ ጋር ተረጋግቶ ሲበላ ጉትያው ተኝቷል፤ ራሱ ክብ ይመስላል። ሲቆጣ ወይም ሊጣላ ሲል ቀጥ ብሎ ይቆማል። በጣም ሲፈራ እንደ ጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ ይበታተናል። ጎጆ ላይ የተቀመጠች እናት ጉትያዋን አስተኝታ ስታዩ ቅርበታችሁ ገና አላስጨነቃትም ማለት ነው፤ ከተነሣ ወደ ኋላ ተመለሱ።

ስለ ብልህነቱ ብዙ ይወራል፤ ሦስት የተመሰከሩ ነገሮች ይበቁናል። ሊንከን ብራወር በ1960ዎቹ ያደረገው ሙከራ ዝነኛው ነው። ሞናርክ የሚባለው ብርቱካናማ ቢራቢሮ አባጨጓሬ ሳለ የሚበላው ወተት የሚያወጣ ተክል ነው፤ የኛ ጦቢያው ዘመድ። የተክሉ መርዝ ቢራቢሮው ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ሞናርክ አይቶ የማያውቅ ጄይ ቢሰጠው ይበላዋል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ያስመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ቢራቢሮውን ገና ሲያይ ይሸሻል፤ መልኩ ለሚመሳሰል ሌላ ቢራቢሮም እንዲሁ። ሁለተኛው በ1973 ማሳቹሴትስ ውስጥ የተዘገበው ነው፦ ላቦራቶሪ ውስጥ ያደጉ ጄዮች ከስራቸው የተነጠፈውን ጋዜጣ ቀድደው፣ ቁራጩን እንደ መሳቢያ ተጠቅመው ከፍርግርጉ ውጪ ያለ ምግብ ወደ ራሳቸው ሳቡ። ማንም አላስተማራቸውም። ሦስተኛው አላን ካሚልና ባልደረቦቹ የሠሩት ሲሆን፣ ግንድ መስለው የተለጠፉ የእሳት እራቶችን ፎቶ ጄዮች እንዲለዩ ያደረጉበት ነው። አንድ ዓይነት እራት ደጋግሞ ያየ ወፍ ያንን ዓይነት በመፈለግ ይሰላል፤ ዓይነቱ ሲቀላቀልበት ይደክማል። የእሳት እራቶች መልካቸው ለምን እንደሚበዛ ከዚህ ብዙ ተምረናል።

ሰማያዊነቱን ቶሎ እናልፈዋለን፤ አንድ ነገር ብቻ። ላባው ውስጥ ሰማያዊ ቀለም የለም። ያለው ሜላኒን ነው፤ እሱ ቡናማ ነው። ላባው ውስጥ አየርና ኬራቲን (ጥፍርም የሚሠራበት ንጥረ ነገር) እንደ ስፖንጅ የተደባለቁበት ረቂቅ አሠራር ሰማያዊውን ብርሃን መልሶ ይበትነዋል። ላባውን ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ ከኋላው ብርሃን ቢያልፍበት ቡናማ ሆኖ ይታያችኋል። ከዚያ ግን ወደነበረበት መልሱት። በ1918 የወጣው የፍልሰተኛ ወፎች ሕግ አሜሪካ ውስጥ የዚህን ወፍ ላባ፣ ጎጆ ወይም እንቁላል ያለ ፈቃድ መያዝ ይከለክላል፤ ከመሬት የተለቀመ ቢሆንም።

የዓመቱ ዑደት እንዲህ ይሄዳል። በፀደይ መጀመሪያ በርካታ ወንዶች አንዲት ሴት ተከትለው ከዛፍ ዛፍ ሲንጫጩ ታያላችሁ፤ ቀስ በቀስ ሌሎቹ ይቀሩና አንዱ ይተርፋል። ጥንዶቹ ብዙውን ጊዜ አንዱ እስኪሞት አብረው ይኖራሉ። ጎጆው ከ3 እስከ 10 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ቅርንጫፍ ከግንድ በሚገናኝበት ይሠራል፤ ውጪው ጭራሮ፣ ውስጡ ቀጫጭን ስር ነው። ስሩን ለማግኘት አዲስ የተቆፈረ ቦይ ወይም የወደቀ ዛፍ ድረስ ይሄዳሉ። እንቁላሉ ከ2 እስከ 7፣ አብዛኛውን ጊዜ 4 ወይም 5 ነው። የምትታቀፈው እሷ ነች፣ ለ17 ወይም ለ18 ቀን፤ ምግብ የሚያመላልስላት እሱ። ጫጩቶቹ ከጎጆ የሚወጡት ከ17 እስከ 21 ቀን ሲሆናቸው ነው። ያን ሰሞን ጯኺው ወፍ ዝም ይላል፤ ጎጆው ያለበትን እንዳያስነቃ። «ጄዮቹ የት ሄዱ?» የምትሉት በግንቦት ከሆነ፣ ደጃችሁ ያለው ዛፍ ላይ ይሆናሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር በየዓመቱ ሰው ያስደነግጣል። የመጀመሪያው መሬት ላይ የተገኘ ጫጩት ነው። ላባ አውጥቶ የሚፈናጠር ከሆነ አልጠፋም፤ መብረር እየተማረ ነው፣ ወላጆቹም በቅርብ አሉ። ተውት፤ ድመታችሁን ግን ቤት አስገቡ። ላባ ያልለበሰ፣ ሥጋው የሚታይ ከሆነ ብቻ ጎጆው ከታየና ከተደረሰበት መልሱት። የሰው ጠረን ስለነካው እናቱ ትተወዋለች የሚባለው ልክ አይደለም። ሁለተኛው በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ የሚታየው ራሰ በራ ጄይ ነው። ጥቁር ግራጫ ቆዳው ተገልጦ፣ ጆሮ ቀዳዳው ታይቶ፣ የአሞራ ግልገል መስሎ ይመጣል። በሽታ አይደለም፤ ብዙ ጄዮች የራስ ላባቸውን የሚቀይሩት በአንዴ ነው። በሁለት ሳምንት ግድም መልሶ ይሸፍነዋል።

በሽታ የሆነው ሌላ ነው። የዌስት ናይል ቫይረስ በ1999 ኒው ዮርክ ሲገባ መጀመሪያ የረገፉት የቁራ ወገኖች ናቸው፤ ጄይም ከነሱ አንዱ ነው። አስተላላፊው ትንኝ ነው፤ ስለዚህ ግቢያችሁ ውስጥ ባልዲና የአበባ ማስቀመጫ ሥር ውኃ አታስቀምጡ፤ ለእናንተም ነው። የሞተ ወፍ ካገኛችሁ በባዶ እጅ አትንኩ።

ስለ ፍልሰቱ ደግሞ የሚያስቸግር ነገር አለ። በመስከረምና በጥቅምት በታላላቆቹ ሐይቆች ዳርና በአትላንቲክ ጠረፍ በመቶ የሚቆጠሩ ጄዮች፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ በቀን ብርሃን፣ በሰዓት ከ32 እስከ 40 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ወደ ደቡብ ሲያልፉ ይታያሉ። አብዛኞቹ ግን አይሄዱም። አንዱ ወፍ ዘንድሮ ሄዶ በሚቀጥለው ክረምት ሊቀር ይችላል፤ ደግሞ በሌላው ሊሄድ ይችላል። የኤኮርን ምርት ማነስ ሰበብ ይሆናል የሚሉ አሉ፤ ነገሩ ግን አሁንም ድረስ የተፈታ አይደለም። በወፎች እግር ላይ ከሚታሰረው ቀለበት መዝገብ የተገኘው የዕድሜ ጣሪያ 26 ዓመት ከ11 ወር ነው፤ ያ ወፍ ቀለበት የታሰረለት በ1989 ሲሆን የሞተው በ2016 የዓሣ ማጥመጃ ውስጥ ተይዞ ነው።

አሁን ግቢያችሁ ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ? ቀጭን ቱቦ ያለው ተንጠልጣይ መመገቢያ ለሱ አይሆንም፤ የሚቆምበት ያጣል። ጠፍጣፋ ገበታ፣ ውኃ የሚያንጠፈጥፍ ቀዳዳ ያለው፣ እንጨት ላይ በደንብ የተመታ ያስፈልጋል። የሚወደው ከነቅርፊቱ ያለ ኦቾሎኒ ነው፤ የተቆላ ይሁን፣ ጨው ግን ፈጽሞ አይኑርበት። ለእንግዳ ከቀረበ ቆሎ የተረፈውን አታፍስሱለት። የሱፍ አበባ ፍሬ፣ በብርድ ወራት ደግሞ ሞራ ይበላል። ዳቦ አይጠቅመውም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት መጠን ላይ ነው። አንድ ኪሎ ኦቾሎኒ ገበታው ላይ ቢፈስስ ባንድ ጠዋት ያልቃል፤ ሰውዬው «ምን ዓይነት ሆዳም ነው!» ይላል። አልበላውም። እየወሰደ የጎረቤት ሣር ውስጥ እየቀበረው ነው። ምግብ እስካየ ድረስ መቅበሩን አያቆምም። ስለዚህ ጠዋት አንድ እፍኝ፣ ሃያ ሠላሳ ፍሬ፣ ይበቃል። ዝናብ የነካውና የሻገተው ይጣል፤ የኦቾሎኒ ሻጋታ መርዝ ነው። ገበታውን በየሁለት ሳምንቱ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ አጥባችሁ፣ በደንብ አለቅልቃችሁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት።

በተለይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የምትኖሩ አንድ ቀን የቤታችሁ ነጭ ቀለም እየተላጠ፣ ጄይም ሲለቅመው ልታዩ ትችላላችሁ። ዕብደት አይደለም፤ ቀለሙ ውስጥ የኖራ ድንጋይ አለ፣ ወፉ የሚፈልገው ካልሲየም ነው። መድኃኒቱ የእንቁላል ቅርፊት ነው። ቅርፊቱን አጥባችሁ በ120 ዲግሪ ሴልሺየስ ምድጃ ውስጥ ለ20 ደቂቃ አቆዩት፤ ይህ ሳልሞኔላን ለመግደል ነው። ሲቀዘቅዝ ከጥፍር ባነሰ መጠን ሰባብራችሁ ከቀለሙ አጠገብ አስቀምጡ። ከለመደ በኋላ ወደ ገበታው ታዛውሩታላችሁ። መስኮት ላይ የሚጋጭ ከሆነ ደግሞ ምልክቱን ከውጪ በኩል፣ በ5 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ነጥብ ነጥብ አድርጋችሁ ለጥፉ፤ አንድ የጭልፊት ሥዕል መሀል ላይ መለጠፍ ምንም አይሠራም።

ጉንዳን እያነሣ ክንፉ ስር ሲያሽ ካያችሁትም አትደነቁ። ጉንዳኑ አሲድ አለው፤ ወፉ ላባው ላይ ያራግፈዋል፣ ከዚያ ይበላዋል። በ2008 በታተመ ሙከራ የአሲድ ከረጢታቸው የወጣላቸውን ጉንዳኖች ጄዮቹ ሳያሹ ቀጥታ በሏቸው። ቃሪያውን ፍሬውን አውጥቶ እንደሚበላ ሰው ነው።

በመጨረሻም በሚያዝያ ወይም በግንቦት ሣር መሀል፣ ወይም ጎመን የዘራችሁበት መደብ ላይ፣ ከየትም ኦክ ርቆ አንድ ቀጭን ቡቃያ ብታገኙ፣ ሦስት አራት ቅጠሎቹ ቀላ ብለው፣ ማን እንደዘራው አሁን ታውቃላችሁ። እንዲያድግ ከፈለጋችሁና ቦታው የማይመች ከሆነ በዚያው ዓመት፣ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ አዛውሩት። ከቆየ አይሆንም፤ ዋናው ስሩ ቀጥታ ወደ ታች ይወርዳል፣ ግንዱ የእርሳስ ያህል ሳይሆን ስሩ ከእጅ ስንዝር ያልፋል። ከጎን በርቀት ጀምራችሁ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ቆፍሩ፣ ስሩን ሳትበጥሱ ከነአፈሩ አንሡት። ከቤትና ከውኃ ቧንቧ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉት፤ ትልቅ ዛፍ ነው የሚሆነው። ስታነሡት አንገቱን እዩት፦ ከመሬቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ለሁለት የተሰነጠቀው የኤኮርን ቅርፊት አሁንም ተጣብቆበት ይገኝ ይሆናል።